እንግዳና ተመልካች

በሰው ዕቃ ላይ እጁን የሚዘረጋ ሌባ ይባላል፤ በሰው ስም ላይ ምላሱን የሚዘረጋ ሐሜተኛ ይባላል። በሰው ላይ ዐይኑን ለሚዘረጋው ግን ስም አላወጣንለትም። «ማየት አያስከፍልም» ብለን እናልፈዋለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዐይንን እንዲህ ጨርሰው አላመኑትም ነበር። ማዕድ ሲቀርብ በነጠላ ይጋርዳሉ፤ ሕፃን ሲወለድላቸው ከማያውቁት ሰው ዐይን ይሸሽጋሉ። እኛ ፊደል የቆጠርነው ይህ ከንቱ እምነት ነው ብለን ሣቅንበት። ከንቱነቱስ ከንቱ ነው፤ ሰውን በዐይኑ መብላት የሚችል ማንም የለም፤ በዚህም እምነት ምክንያት ስንት ሸክላ ሠሪና ስንት ብረት ቀጥቃጭ ያለ በደሉ ሲገፋ ኖሯል። ዳሩ ግን ስሕተቱን ስንጥል፣ ከስሕተቱ ጋር ተጠቅልሎ የነበረውን ጥያቄም አብረን የጣልነው ይመስለኛል።

ጥያቄው ይህ ነው። ሰው አገር ለማየት ሲሄድ፣ ከሚያየው ሕዝብ ጋር የሚያስተሳስረው ግዴታ አለ ወይስ የለም? ለመኪናው ከፍሎ፣ ለአልጋው ከፍሎ፣ ለምግቡ ከፍሎ ከተመለሰ ዕዳው አለቀ ወይ? እኔ አልቋል ባይ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የፈላስፋ መጽሐፍ አይደለም፤ አንዲት አህያ ናት።

ነገሩ የሆነው በበቆጂ ነው። በቆጂ በቀድሞው የአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን ውስጥ የምትገኝ ደገኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል አሰላ ለመድረስ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከአሰላም የጭላሎን ተራራ በግራ እየተዉ፣ በሳጉሬ በኩል ወደ ደቡብ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የካካ ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በክረምት ወራት ከዝቅተኛው የስምጥ ሸለቆ በኩል የሚነሣው እርጥብ አየር ወደነዚህ ተራሮች ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተሸከመው እንፋሎት ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። ቆላ ላይ የቆመ ሰው ይህንኑ አንጋጦ አይቶ «ደመና ነው» ይላል። በቆጂ ውስጥ ያለው ሰው ግን በውስጡ እየሄደ «ጉም ነው» ይላል። አንዱን ነገር ከሩቅ የሚያየውና ከውስጡ ያለው ሰው በሁለት ስም ይጠሩታል ማለት ነው።

የከተማዪቱ ዝና ለሁሉ የታወቀ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10000 ሜትር አሸንፋ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክን ማራቶን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነችው ፋጡማ ሮባም እንዲሁ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ 4 የወርቅ ሜዳልያ አገኘች፤ አራቱንም ያመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፤ ሁለቱም ከዚህችው ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ብዙ መንግሥታት ካላቸው ሕዝብና ሀብት ጋር ይህን ያህል ወርቅ ሳያገኙ ተመልሰዋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር ጭምር ሰው ወደ በቆጂ እየመጣ «ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንዱ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው ይላል፤ አንዱ ገብሱ ነው ይላል፤ አንዱ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ስለሆነ ነው ይላል። የከፍታው ነገር እውነትነት አለው፤ ስስ አየር ያሳደገው ደም ኦክስጅን የመሸከም ኀይሉ ይበረታል። ይሁን እንጂ ደብረ ብርሃንም በዚያው ከፍታ ላይ ያለች የገብስ አገር ናት፤ ግን አራቱን ወርቅ ያወጣችው ደብረ ብርሃን አይደለችም።

እኔም ይህን «ምስጢር» በዐይኔ ላይ ብዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ወደዚያ ሄድሁ። ያደርሁት ከዋናው መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ ሆቴል ነበር። የሆቴሉ አሳላፊ፣ ሯጮቹ ማልደው እንደሚወጡ ስለ ነገረኝ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ካፖርቴን ደርቤ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ጉሙ ምድሩን ሞልቶት የዘረጋሁት እጄ እንኳ በደንብ አይታየኝም ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው። ቀጥሎ በእርጥብ ሣር ላይ የሚያርፍ የእግር ኮቴ፤ አንድ ሁለት ሰው አይደለም፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ይሆናሉ። ከፊቴ ጥቂት ርምጃ ርቀው አለፉ፤ አንዱ ሲያስል ሰማሁ፤ አንዷ ቀስ ብላ ስትስቅ ሰማሁ። ከዚያ ኮቴው እየራቀ ሄደና ጠፋ። ምንም አላየሁም። ሁለተኛም ዞረው ሲመጡ እንዲሁ ሆነ።

እዚህ ላይ ያደረብኝን ስሜት ሳልደብቅ ልናገር። ተናደድሁ። ያን ያህል መንገድ መጥቼ፣ ገንዘብ አውጥቼ፣ ብርድ ችዬ ጉም ዘግኜ መመለሴ በደል ሆኖ ታየኝ። ማን በደለኝ ብዬ ብጠይቅ ግን የበደለኝ አልነበረም። ጉሙ አልቀጠረኝም፤ ሯጮቹም አልጠሩኝም። ተመልካች የሚባል ሰው የመጀመሪያ ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ ማንም ቃል ያልገባለትን ነገር እንደ ተነጠቀ ሆኖ ይቈጣል።

ወደ ሆቴሌ ስመለስ አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ግድም ልጅ አህያ እየነዳ መጣ። አህያዋ ማዳበሪያ በምንለው ከረጢት የተሞላ ገብስ ጭናለች። ልጁ ቀጭንና እግረ ረጅም ስለ ነበር ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ሯጭ ነህ?» አልሁት።

«አይደለሁም፤ ወፍጮ ቤት እየሄድሁ ነው» አለኝ።

«ግድ የለም፤ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሩጥና ተመለስ፤ ፎቶግራፍ ላንሣህ።» ይህንም ብዬ ሃምሳ ብር አወጣሁ።

ልጁ ብሩን አየ፤ ከዚያም አህያዋን አየ። «አህያዋስ?» አለኝ።

«እኔ እይዛታለሁ» ብዬ ገመዱን ተቀበልሁት።

ልጁ በፕላስቲክ ጫማው እየተንሸራተተ ወደ ጉሙ ሮጠ። ስልኬን ላስተካክል ስል ሁለት እጅ አስፈለገኝና ገመዱን ለቀቅሁ። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ነገር ናት። አህያዋ የልጁን ሩጫ አይታ ደንግጣ ይሁን ወይም ሸክሙ ከብዷት እንጃ፣ ከመንገዱ ወርዳ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። ሁለታችንም በጉሙ ውስጥ እየተጠራራን ፈለግናት። ስናገኛት ከጅረቱ ዳር ቆማ ሣር ትግጣለች፤ ማዳበሪያው ግን ወድቆ፣ አፉ ተፈትቶ፣ ገብሱ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነበር። ልጁ ምንም አልተናገረኝም። ተንበርክኮ በእፍኙ እየዘገነ ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ገብሱ የታመሰ መሆኑን ያየሁት። ጥሬ ገብስ ቢሆን ታጥቦ ይደርቃል፤ ለጭኮ ተብሎ የታመሰ ገብስ ግን አንድ ጊዜ ውሃ ከገባበት ወፍጮ አይቀበለውም። ጭኮ ደግሞ የአርሲ ሰው ለከበረ እንግዳና ለደስታ ቀን የሚያቀርበው፣ የታመሰ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የሚታሽበት ምግብ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ካለ ይወቅልኝ።

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም፤ ተከትዬው ሄድሁ። አያቱ ከደጅ ወጥተው ከረጢቱን ባዩ ጊዜ ልጁን ተቈጡት። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ከሰላምታ በቀር እምብዛም አልችልም፤ ነገር ግን የቁጣ ቃል በየትኛውም ቋንቋ ይሰማል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬ ምናልባት እስከ ዐሥር የሚያስቈጥር ጊዜ ነው የቈየው፤ ሆኖም በዚያች ጊዜ ውስጥ «ጥፋቱ የልጁ ሆኖ ይለፍ» የሚል ሐሳብ በልቡናዬ አልፏል። ማለፉን ካልጻፍሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በኋላ «ንገራቸው» አልሁት፤ «አህያዋን እኔ ነኝ የተቀበልሁህ፤ ገመዱን የለቀቅሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው በላቸው።»

ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ ከእኔ ቃል በጣም ያጠረ ነገር ተናገረ። አሮጊቷም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤት እንድገባ በእጃቸው ጋበዙኝ። እሳት ዳር አስቀመጡኝ፤ እርጥብ ካፖርቴን ተቀብለው ሰቀሉልኝ፤ ወተት አፍልተው በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። ከዳር ተቀምጣ የነበረች አንዲት ጐረቤት፣ ሌሊቱን አብራ ገብስ ስታምስ ያደረች ናት፣ አማርኛ ታውቅ ኖሮ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሣቀች።

«ምን አለ መሰለህ?» አለችኝ። «‹እንግዳው አዝኗል› ብቻ ነው ያለው። ገመዱን ለቀቀ አላለም። እንግዳ በደጅ አይዋረድም ብሎ ነው።»

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ይህን ልጅ ያየሁት እንደ ምን ነበር? እንደ እግር። ስሙን ሳልጠይቅ፣ ወዴት እንደሚሄድ ነግሮኝ እያለ ሳልሰማ፣ ለፎቶግራፌ የሚሮጥ እግር አድርጌ አየሁት። እርሱ ግን ያን ሁሉ ካደረግሁበት በኋላ እኔን እንደ እንግዳ አየኝ፤ በአያቱም ፊት ስድቤን ራሱ ተሸከመልኝ። ከሁለታችን የተማረው ማን ነበር ብዬ ዛሬም እጠይቃለሁ።

ጐረቤቲቱ እውነቱን እንድትነግራቸው ለመንኋትና ነገረቻቸው። አሮጊቷ ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ከዚያም የገብሱን ዋጋ ልክፈል ብዬ ገንዘብ ሳወጣ፣ በገበያ ስንት እንደሚሸጥ ከጐረቤታቸው ጋር ተመካክረው፣ ልክ ያንኑ ተቀብለው የቀረውን መለሱልኝ። ለልጁ የሰጠሁትን ሃምሳ ብርም ከእጁ ወስደው ጕልበቴ ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ልጁም ተረጐመልኝ።

«ምን ሊያዩ መጡ?»

አሮጊቷ ያሉት «ምን ልታይ መጣህ?» ነው፤ ያን ያህል ኦሮምኛ እሰማለሁ። ልጁ ግን ሲተረጕም እንኳ አንተ ሊለኝ አልወደደም።

«ሯጮቹን» አልሁ።

አሮጊቷም «የሮጡት ሄደዋል፤ ያለነው እኛ ነን» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው እንደ ወሬ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልረሳው አልቻልሁም። እውነትም ነው። በበቆጂ ጧት ጧት የሚሮጠው ልጅ ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ አሠልጣኝ ዐይን የሚገባው ጥቂት፤ ከጥቂቶቹም ለአንድ ክለብ የሚበቃው ከዚያ ያነሰ፤ በዓለም አደባባይ ባንዲራ የሚያስውለበልበው ደግሞ በየብዙ ዓመቱ አንድ ነው። የተሳካለት ለልምምድም ለኑሮም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቀረው ገብስ ያጭዳል፤ ሱቅ ይከፍታል፤ ያስተምራል፤ አህያ ይነዳል። ተመልካቹ መጥቶ «ሯጮቹ የታሉ?» ሲል፣ ለቀረው ሰው ሁሉ «አንተን ለማየት አልመጣሁም» ማለቱ ነው። በተለይ ይህን የሚሰማው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሆን ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል። የእኔ ሃምሳ ብር ለዚያ ልጅ የነገረችው፣ ለቤቱ የሚሠራው ሥራ ዋጋ እንደሌለው፣ ዋጋ ያለው መንገደኛ ሲያየው መሮጡ ብቻ እንደ ሆነ ነው። አያቱ ብሩን ከእጁ የወሰዱት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ምናልባትም እንዲህ አላሰቡ ይሆናል፤ ያልሠራበትን አይወስድም ብለው ይሆናል። ሁለቱም ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። የሆቴሉ ባለቤት ራሱ በዚያው ማታ ነግሮኛል፤ «ጐብኚ ባይመጣ እኔ ለአምስት ሠራተኛ ደመወዝ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ? ዝናችንን ሊያዩ ቢመጡ ምን ጐዳን?» አለኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ጐብኚ የሚያመጣው ገንዘብ የድኻ ከተማ እንጀራ ነው፤ በአዲስ አበባ ተቀምጦ «ወደ ሰው አገር አትሂዱ» ብሎ የሚሰብከውን ሰው እኔ አልሰማውም። ደግሞም ሯጭ ለመታየት የሚሮጥ ሰው ነው፤ በስታዲየም ውስጥ ሰማንያ ሺህ ሰው ቢያየው ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሯጩ ወደ ስታዲየሙ የገባው ልታይ ብሎ ነው። ልጁ ግን በመንገዱ ላይ የነበረው ገብስ ሊያስፈጭ ነው። ስታዲየም ያልሆነውን መንገድ ስታዲየም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ይህ ጥያቄ የበቆጂ ብቻ አይደለም። ከእኛ በጣም ሩቅ በሆነው በሜክሲኮ አገር፣ ቺያፓስ በሚባለው ግዛት፣ እንደ አርሲ ደጋ ጉም የሚወርድበት ተራራማ ምድር አለ። በዚያ የጥንቱ የማያ ሕዝብ ዘር የሆኑት ጾጺል የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ። ከከተሞቻቸው አንዷ ሳን ሁዋን ቻሙላ ትባላለች። በቤተ ክርስቲያናቸው ወለል ላይ፣ እኛ ለበዓል ቄጠማ እንደምንጐዘጕዝ፣ እነርሱ የጥድ ቅጠል ጐዝጕዘው፣ በላዩ ተቀምጠው ሻማ አብርተው ይጸልያሉ። ይህን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጐርፋል። ጾጺሎቹ እንግዳውን አልከለከሉትም፤ ይግባ ብለዋል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣትን ፈጽመው ከልክለዋል። ይህን ሕግ ሰምቶ «ኋላ ቀርነት ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም ከበቆጂ በፊት ይህን ባልሁ ነበር። አሁን ግን የማየው ሌላ ነው፤ «ከእኛ ጋር ልትሆን ትችላለህ፤ እኛን ይዘህ ልትሄድ ግን አትችልም» ማለታቸው ነው። በመሆንና ይዞ በመሄድ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ድንበሩንም የማስመር መብት የእርሱ ነው።

በአብርሃም ድንኳን ደጅ ሦስት እንግዶች በቆሙ ጊዜ፣ በቀትር ሙቀት ሮጦ የተቀበላቸው አስተናጋጁ ነበር። ይህን ታሪክ ሁላችንም የምናውቀው ስለ አብርሃም ደግነት ሲነገረን ነው፤ ስለ እንግዶቹ ጠባይ ሲነገረን ግን አልሰማሁም። እንግዶቹ ግን እግራቸውን ለመታጠብ፣ ከዛፍ በታች ለመቀመጥ፣ የቀረበላቸውንም ለመብላት እሺ አሉ። እንግዳ መሆን እሺ ማለት ነው። በገጠራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ አስተናጋጁ ከየት እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ስለዚህ እንግዳ ከማየቱ በፊት የሚታይ፣ ከመጠየቁ በፊት የሚጠየቅ ሰው ነው። ተመልካች ግን ይህን ተራ ይገለብጠዋል፤ ራሱ ሳይታወቅ ሌላውን ሊያውቅ ይፈልጋል።

በዚያች ቤት እሳት ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ተራው እኔን የመታየት ሆነ። ከጐረቤት ልጆች መጥተው በሩን ሞሉት፤ ጫማዬን አዩ፤ መነጽሬን አዩ፤ አንዷ ትንሽ ልጅ እየመጣች ካፖርቴን ነክታ ትሸሻለች። አሮጊቷም እናቴ በሕይወት መኖሯን፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ በበዓል ቀን እናቴ ዘንድ እሄድ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አላስደሰታቸውም። መታየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እነርሱ ግን ከእኔ ይልቅ በጨዋነት አደረጉት።

አንድ ሌላ አስተያየትም አለ፤ እርሱን ሳልጠቅስ ባልፍ የማየትን ነገር በሙሉ የኰነንሁ ይመስላል። በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ተብሎ ስሙ በዓለም ይነሣል። እርሱም ሥራው ማየት ነበር፤ ልጆች ሲሮጡ ማየት። ነገር ግን ያየው ለአንድ ጧት አይደለም፤ በጉምም በፀሐይም ለብዙ ዓመታት ነው። ያየውም ልጁ ምን እንደሚጐድለው ለማወቅ ነው፤ ክንዱ የተዛነፈውን ሊያቀና፣ የደከመውን ሊያሳርፍ። ከሩቅ የመጣው ሰው «ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብሎ ከአየሩና ከገብሱ ውስጥ ሲፈልግ፣ ከምስጢሩ ዋናው ክፍል በሜዳው ዳር የቆመው መምህር ሳይሆን አይቀርም። እኔ በዚያ ጧት ከጉሙ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ልጆች ሲያልፉ ምንም አላየሁም አልሁ። ያሠልጣኛቸው ጆሮ ግን ያሳለውን ልጅ ከሳሉ፣ ያነከሰችውን ከኮቴዋ ይለያል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደራርቱም አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ በባርሴሎና ሌሊት ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ቀድማ ገመዱን በጠሰች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተከልክላ ከ32 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ደራርቱ ቆማ ያቺን ነጭ ሴት ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ዓለም ሁሉ የሚያየው ያሸነፈችውን በነበረበት ሰዓት፣ ያሸነፈችው የምታየው የተከተለቻትን ነበር። ይህን በቴሌቪዥን ያየሁት ወጣት ሳለሁ ነው፤ ያን ጊዜ ወርቁን አየሁ እንጂ ይህን አላየሁትም።

ወደ ረፋዱ ላይ ጉሙ ትንሽ ሳሳ። አሮጊቷ ከጐታው ሌላ ገብስ አወጡ፤ ይህኛው ያልታመሰ ነበር፤ ለጭኮው ሌላ ቀን ይታመሳል ተብሎ ይህ ለእንጀራ እንዲፈጭ ተወሰነ። ልጁ ሊጭን ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። ማዳበሪያውን በአንድ በኩል ይዤ አብረን ጫንን። ስሙን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ነገረኝ፤ የእርሱ ስለ ሆነ እዚህ አልጽፈውም። ሲያድግ ምን መሆን እንደሚፈልግ ብጠይቀው የእንስሳት ሐኪም አለኝ። «መሮጥስ?» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስሁት።

ሁለታችንም አህያዋን እየነዳን ወረድን። በመንገድ ላይ ሰው ባገኘን ቍጥር ልጁ ይቆምና ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰውየውም ወደ እኔ አገጩን አንሥቶ ይጠይቀዋል፤ ልጁም ይመልሳል። ምን እያለ እንደሚመልስ አልጠየቅሁትም። ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ ስምንት ሰው ተሰልፎ ነበርና፣ ገመዱን በእጄ ይዤ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምሁ።